የ7ኛ ክፍል ወላጆችን ስለ ትምህርትና ስለ ቤት ሥራ እንዴት ነው የምታሳውቁት? ግሩፑ አልሠራልኝም

ሆምሩም 7ለ፦

ሰላም ናችሁ? አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። የአንድ ሴክሽን ሆምሩምም (የክፍሉ ኃላፊ አስተማሪ) ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ጣጣው ግን ብዙ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

መስከረም ላይ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። በሳምንቱ ምን እንደተማርን፣ ምን የቤት ሥራ እንደተሰጠ፣ ቴስት መቼ እንደሆነ ወላጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያውቅ ነበር ሐሳቡ። አሁን ግሩፑን ብታዩት ጉድ ትላላችሁ። የቤት ሥራ ስለጥፍ ከሥር "አሜን" ይደረደራል፣ ምክንያቱም ከኔ በላይ አንድ ሰው የበዓል መልካም ምኞት ለጥፏል። አንዷ እናት "የልጄን ካልኩሌተር የወሰደ ይመልስ" ትላለች፣ የሌላው ልጅ አባት ይቆጣና ቮይስ ይልካል፣ ቮይሱ ደግሞ አያልቅም። ማታ 4 ሰዓት ላይ በውስጥ መስመር "ቲቸር ገጹ ስንት ነበር?" ይመጣል። ገጹ እዚያው ግሩፑ ላይ ተጽፏል እኮ።

ግማሹ ወላጅ ጭራሽ የለም። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ አሉ። የተመዘገበው ቁጥር የልጁ የራሱ የሆነባቸውም አሉ፤ ለእናቱ ብዬ የምልከውን እሱ ያነበዋል፣ እናቱን ሆኖም "እሺ ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልን" ብሎ ይመልስልኛል። ክፍሉ ውስጥ ከ50 በላይ ልጅ ነው ያለው፣ ለሁሉም ልደውል ብል ካርዱ ከኪሴ ነው።

ሌላው ነገር ቋንቋው ነው። ልጆቹ እስከ 6ኛ በአማርኛ ተምረው ይመጡና 7ኛ ላይ የሂሳብና የሳይንስ መጽሐፋቸው እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። አምና ሲያግዝ የነበረ ወላጅ ዘንድሮ ደብተሩን ገልጦ ይከድነዋል። በዚህ ላይ የሚቀጥለው ዓመት 8ኛ ናቸው፣ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፣ ስለዚህ ወላጆች ከወዲሁ ተጨንቀዋል።

እናንተ ምንድነው የምትጽፉት? በሳምንት ስንቴ? ወላጅ የሆናችሁስ ከአስተማሪ ምን ቢደርሳችሁ ነው ከልባችሁ የምታነቡት? እውነቱን ንገሩኝ፣ አልቀየምም።


የፒያሳዋ እናት፦

ቲቸር እንኳን ጠየቅሽ። እኔ የ7ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆች አሉኝ፣ ፒያሳ ሱቅ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው።

እውነቱን ካልሽ የገጽ ቁጥር ምንም አይሠራልኝም። "ገጽ 64 ከ1 እስከ 10" ብለሽ ስትልኪልኝ እኔ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሠርተሃል?" እለዋለሁ። "አዎ" ይለኛል። በቃ። ደብተሩን አምጣ ብለው እንኳን ቁጥር ተደርድሯል፣ እንግሊዝኛ አለበት፣ መጨረሻው ላይ በማስመሪያ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ሁለቴ የተሰመረበት ነገር ደግሞ ሁሉ ትክክል ይመስላል። እኔ 10ኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ እሱም ያንን ስለሚያውቅ ብዙ ላፋጥጠው ስል "ማሚ አንቺ ይሄ አይገባሽም" ይለኛል። ያናድዳል ግን ውሸት አይደለም።

አንድ ጥያቄና መልሱን ላኪልኝ። አንድ ብቻ። እራት ላይ እጠይቀዋለሁ፣ መልሱ እጄ ላይ ስላለ መዋሸት አይችልም፣ እኔም የማላውቅ አልመስልም። መልሱን ለወላጅ መላክ ምን ነውር አለው? አስተማሪዎች ግን መልስ እንደ ፈተና ወረቀት ትደብቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ግሩፑን ዝጊውና ቻናል አድርጊው፣ አንቺ ብቻ የምትጽፊበት። እኔ ድምፁን አጥፍቼው ነው የኖርኩት፣ ብዙ ወላጅ እንደዛ ነው፣ ስለማይመቸው ዝም ብሎ ነው እንጂ። ውስጥ መስመርሽንም ሰዓት አብጂለት። ማታ 4 ሰዓት ላይ ከመለስሽላቸው ነገ 5 ሰዓት ላይ ይመጣሉ።


ጠመኔ፦

በዚህ ሙያ ላይ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ትንሽ ላፍርስ።

ቻናሉ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር እፈራለሁ። የቤት ሥራውን በየቀኑ በቴሌግራም በላክሽ ቁጥር ልጁ ክፍል ውስጥ መጻፍ ያቆማል። "እቤት ይመጣል" ይላላ። 13 ዓመት የሞላው ልጅ የተሰጠውን ሥራ ራሱ ደብተሩ ላይ ጽፎ መሄድ ካልቻለ፣ 9ኛ ሲገባ ማን ሊልክለት ነው? ስለዚህ ዕለታዊው የቤት ሥራ የልጁ ኃላፊነት ሆኖ ይቅር፣ ለወላጅ የሚሄደው ሳምንታዊው ይሁን። ሰኞ አንዴ፣ አለቀ።

ደግሞ ወላጅ ከመንገርሽ በፊት አስተማሪዎቹን አስተባብሪ። የታችኛው ክፍል ላይ አንድ አስተማሪ ብዙውን ነገር ስለሚይዝ ልጁ ላይ ምን እንደተጫነ ያውቃል። 7ኛ ላይ ግን ትምህርቱ ከአሥር ያልፋል፣ ለእያንዳንዱም የራሱ አስተማሪ አለው። የሳይንሱ ሐሙስ ፕሮጀክት ይሰጣል፣ የዜግነቱ ሐሙስ ኖት አስገልብጦ ይመጣል፣ አንቺም ሐሙስ አሥር ጥያቄ ትሰጫለሽ፣ አንዳችሁም የሌላውን አታውቁም። ዓርብ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ግቢ ውስጥ ዙሪ። ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከጓደኛው የማይገለብጥ ካገኘሽ ንገሪኝ። ያ የስንፍና ብቻ ነገር አይደለም።

እኛ ጋ የምናደርገውን ልንገርሽ። ሰሌዳው ጎን አንድ ካርቶን ተለጥፏል፣ አምስት ቀን ተሰምሮበታል። የቤት ሥራ የሚሰጥ አስተማሪ ሁሉ እዚያ ላይ ይጽፋል። ቀኑ ከሞላ ሌላው አስተማሪ ወደሚቀጥለው ቀን ይገፋል። የክፍሉ አለቃ ሰኞ ጠዋት አዲስ ይሰቅላል። መጀመሪያ ያጉረመረሙ ነበሩ፣ "እኔን ማን ነው የሚያዘኝ" ያሉም ነበሩ፣ አሁን ለምደውታል። ሆምሩሟ ያንን ካርቶን ፎቶ አንስታ ቻናል ላይ ትለጥፋለች፣ ሌላ የምትጽፈው የለም ማለት ይቻላል።

የፒያሳዋ እናት ያለችው ጥያቄና መልስ ነገር ግን ጥሩ ነው፣ እሱን እኔም እሰርቃለሁ።


ሚስ ካዛንችስ፦

እኔ የግል ትምህርት ቤት ነኝ፣ የኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ጋ ወላጅ በዛ። ኮሙኒኬሽን ቡክ አለ፣ በየቀኑ እንጽፋለን፣ በየቀኑ ወላጅ ይፈርማል፣ በላዩ ላይ ቴሌግራም አለ፣ በላዩ ላይ ይደውላሉ። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? የቤት ሥራውን ወላጅ ወይ አስጠኚ ይሠራዋል። የማታውቀው የእጅ ጽሑፍ ይመጣል፣ ክፍል ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ስትሰጪው ልጁ ያፈጥብሻል። ስለዚህ መረጃ ስለበዛ ብቻ ልጅ አይማርም።

ግን ልጽፍ የመጣሁት ስለ ሌላ ነገር ነው። እባክሽ ውጤት ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊ። "የቴስት 1 ውጤት" ብሎ የሁሉንም ስምና ቁጥር ፎቶ አንስቶ የሚለጥፍ አስተማሪ አውቃለሁ። ከ10 ሁለት ያመጣችውን ልጅ እናት ጎረቤቷ ቀድማ ደውላ "አይዞሽ" አለቻት። ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ውጤት በደብተር፣ በካርድ፣ ወይ በውስጥ መስመር። ያልሠሩ ልጆችን ስም ዝርዝርም አትለጥፊ፣ ያው ነው።

ሌላው ጊዜው ነው። አሜሪካኖች በክፍል 10 ደቂቃ የሚሉት ልማድ አላቸው፣ 7ኛ ክፍል ከሆነ በቀን 70 ደቂቃ ማለት ነው፣ የሁሉም ትምህርት ተደምሮ። እሱን እንደ ሕግ አልወስደውም፣ ግን ለወላጅ "ሂሳቡ ከዚህ ደቂቃ በላይ መውሰድ የለበትም" ብሎ መንገር በጣም ይጠቅማል። ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ ሲል ወላጅ ጎበዝ ሆነልኝ ብሎ ያስባል እኮ። አልገባውም ማለት ሊሆን ይችላል።


ከገላን ጉራ፦

እኔ አባት ነኝ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ሲነሳ እኛም ተነስተን ገላን ጉራ ገባን። ልጄን ከጓደኞቿ ላለመለየት ብለን የድሮው ትምህርት ቤቷ ቀረች። ሁለቱንም ቦታ ያያችሁ ርቀቱን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። ማታ ስትገባ እራት በልታ እዚያው ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው።

የቤት ሥራዋን አውቶቡስ ላይ ነው የምትሠራው። መቀመጫ ካገኘች። ደብተሯን ባየሁት ቁጥር የትኛው መስመር ቆማ፣ የትኛው ተቀምጣ የጻፈችው እንደሆነ እለያለሁ። አንድ አስተማሪ "ጽሑፍሽ አያምርም" ብላ ከአምስት አንድ ቀነሰችባት። ልጄ አልነገረቻትም፣ ታፍራለች።

እንደኛ ያሉ ብዙ ናቸው፣ ከፒያሳም የተነሱ አሉ። ቲቸር አንቺ ክፍልም ውስጥ አይጠፉም፣ ጠይቂያቸው። ለኛ ዕለታዊ ነገር አይሆንም። ዛሬ ተሰጥቶ ለነገ የሚባል የቤት ሥራ ማለት ለኔ ልጅ በእንቅልፏ የሚከፈል ነው። ሰኞ ተሰጥቶ ዓርብ የሚሰበሰብ ቢሆን ግን ቅዳሜና እሁድ ባይኖር እንኳን የሚመቻትን ማታ ትመርጣለች። ሳምንቱን አስቀድመን ብናውቅ እኛም እናቅዳለን። ቅዳሜ አንዳንዴ ይዣት እመጣና አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አስገብቻት እኔ ጉዳዬን እጨርሳለሁ፣ እዚያ በደንብ ትሠራለች፣ ብርሃኑም ጸጥታውም አለ።

በተረፈ ኔትወርክ በሌለበት ፎቶ አይከፈትልኝም፣ በጽሑፍ ይሁን።


ሆምሩም 7ለ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከገላን ጉራ ላሉት አባት፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ ከሩቅ የምትመጡ እጅ አውጡ አልኩ። ከጠበቅኩት በላይ ነው የወጣው። ከቃሊቲ ማዶ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከገላን። ለነገ የሚባለውን ትቼዋለሁ፣ ሰኞ ሰጥቼ ዓርብ ነው የምሰበስበው። የካርቶኑንም ነገር ለዩኒት ሊደራችን ነገርኩት፣ "ሞክሪው" አለኝ፣ እሱ ሲፈቅድ እንደዚህ ነው።

እስኪ ይህን ረቂቅ እዩልኝ። ቻናሉ ላይ የመጀመሪያው ጽሑፍ የሚሆን ነው፦

"ውድ የተማሪ ወላጆች፣ በቅድሚያ ሞቅ ያለ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ በያዝነው የትምህርት ዘመን የመማር ማስተማሩን ሂደት ውጤታማ ለማድረግና የተማሪዎችን ውጤት ለማሻሻል በሚደረገው ርብርብ ወላጆች የበኩላችሁን ድርሻ ትወጡ ዘንድ ሳምንታዊ መረጃ በዚህ ቻናል የምናደርስ መሆኑን እየገለጽን፣ በዚህ ሳምንት በሂሳብ ትምህርት የፐርሰንቴጅ ጽንሰ ሐሳብ የሚሸፈን ስለሆነ ተገቢውን ክትትል እንድታደርጉ በአክብሮት እናሳስባለን።"


ታላቅ እህት፦

ቲቸር ይቅርታ ግን ይሄ የቀበሌ ደብዳቤ ነው 😂 "ርብርብ" የምትለዋ ጋ ስደርስ የጎርፍ አደጋ የደረሰ መሰለኝ። ማነው የሚያስበው "በአክብሮት እናሳስባለን" ብትይ? ወላጅ እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲያይ ማህተም ፈልጎ ሲያጣ ይዘጋዋል።

እኔ የታናሽ ወንድሜ "ወላጅ" ነኝ። እናታችን አረብ አገር ናት፣ አክስታችን ጋ ነው የምንኖረው፣ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ እኔ ነኝ የምይዘው። 7ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ አንደኛ "ውድ ወላጆች" ብቻ አትበይ፣ ቤት ውስጥ ልጁን የሚያየው ሰው አያት ሊሆን ይችላል፣ እንደኔ እህት ሊሆን ይችላል። "ቤተሰብ" በይ። ትምህርት ቤት ስሄድ "ወላጅ የለውም እንዴ?" የምትለኝ ዘበኛ አለች፣ እሷን እንተዋት።

ሁለተኛ ዋናው ነገር። እኛ ስንማር ከትምህርት ቤት ለቤት የሚመጣ መልእክት አንድ ብቻ ነበር፣ "ወላጅ አምጣ"። መስኮት ከተሰበረ፣ ከተደባደቡ፣ ካረፈዱ። ጥሩ ነገር ተደርጎ ወላጅ የተጠራበት ጊዜ አላስታውስም። አሁንም የትምህርት ቤት ቁጥር ሲደውልልኝ ሆዴ ይንቦጨቦጫል፣ ከማንሳቴ በፊት "ምን አድርጎ ይሆን" እላለሁ። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪው ደወለችና "ዛሬ ተነስቶ ፓራግራፍ አነበበ፣ ድምፁ ጥሩ ነው ብዬ ልነግርሽ ነው" አለችኝ። ሌላ ምንም የለም። እኔ አሁንም "እና ምን አጠፋ?" ብያታለሁ። እሷ ሳቀች። ማታ ለወንድሜ ስነግረው ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ሄደና መጽሐፉን ይዞ ተመልሶ መጣ፣ ላንብብልሽ አለ። ሁሉንም መጥራት አትችይም፣ ገብቶኛል፣ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቤት አንድ ጥሩ ነገር ብትነግሪ ያኔ መጥፎውን ስትነግሪም ይሰሙሻል።

ሦስተኛ፣ በቮይስም ላኪው። አክስቴ ማንበብ ትችላለች ግን መነጽሯን ሁሌ ፈልጋ ነው። አጭር ቮይስ፣ ከደቂቃ ያነሰ። ባለ ቁልፍ ስልክ ላላቸው ደግሞ ልጁ በወረቀት ገልብጦ ይውሰድ፣ ዓርብ ፈርሞበት ይመልስ።


ጠመኔ፦

የእህታችን ሐሳብ ይሻላል። የምትጽፊውን ሰው ፊት ለፊትሽ አድርጊና ተናገሪ፣ ከዚያ የተናገርሽውን ጻፊ።

ፐርሰንት ላይ ከሆናችሁ አንድ ጥሩ የቤት ሥራ ልስጥሽ፣ ማንም አዋቂ ሊሠራላቸው የማይችል። የሱቅም የካፌም ይሁን ቫት ያለበት ደረሰኝ ከቤት ያምጡ። ቫት 15 በመቶ መሆኑን ይወቁ፣ ከዚያ ደረሰኙ በትክክል መሥራቱን ያረጋግጡ። ጎበዞቹ ያንን ሲጨርሱ ጠቅላላውን ብቻ ስጫቸውና ቫት ሳይጨመር ስንት እንደነበር ይፈልጉ። እዚያ ጋ ነው ክፍሉ ሁሉ የሚወድቀው። 276 ብር ከሆነ የ276ቱን 15 በመቶ ይቀንሱና 234 ብር ከ60 ይሉሻል። ትክክለኛው 240 ነው፣ ለ1.15 ማካፈል አለባቸው። ለምን እንደሚለያይ ከተከራከሩበት አንድ ፔሬድ ሙሉ ይወስድልሻል፣ ግን አያስቆጭም። እኔ ጋ አንዱ ልጅ የአባቱ ሱቅ ላይ ሂሳቡን አስተካክሎ አባትየው ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አመስግኗል። የመጣው ሳይጠራ ነው።

ደረሰኝ የሌላቸው ቤቶች እንዳሉ ግን አትርሺ። ከጎንሽ የተወሰኑ ያዢና ስጪያቸው፣ ማንም እንዳያፍር።


ሚስ ካዛንችስ፦

ይሄ የደረሰኝ ነገር ተመችቶኛል። እኛ ጋ ብሰጠው ግን ግማሹ ወላጅ ሶፍትዌር ይገዛለት ነበር 🙄

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ፊደል ጻፊው፣ "ሬሾ"፣ "ፕሮፖርሽን"፣ "ፐርሰንት" ብለሽ፣ አጠገቡ በአንድ መስመር ምን እንደሆነ በአማርኛ አብራሪ። ቤተሰብ በአማርኛ እንዲጠይቅ ፍቀጂለት። አንዳንድ ወላጅ ልጁ እንግሊዝኛ እንዳይበላሽበት ብሎ ጭራሽ አያናግረውም። ሂሳቡን በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ልጅ በእንግሊዝኛ አይጠፋበትም።


ሆምሩም 7ለ፦

እሺ "ርብርብ" ወጥታለች 😂 ይኸው እንደገና፦

"የ7ኛ ለ ቤተሰቦች ሰላም። የሂሳብ አስተማሪያቸው ነኝ።

በዚህ ሳምንት ፐርሰንት ጀምረናል። ከመቶ ስንት ማለት ነው። እስከ ዓርብ ልጃችሁ የአንድን ዕቃ ዋጋ 15 በመቶ አስልቶ መጨመር መቻል አለበት።

እቤት ይህችን ጠይቁልኝ፦ 240 ብር የሆነ ዕቃ ላይ 15 በመቶ ቫት ቢጨመር ስንት ይሆናል? መልሱ 276 ነው። እንዴት እንዳገኘው በአማርኛ ያስረዳችሁ። ማስረዳት ካቃተው አትቆጡት፣ ደብተሩ ላይ 'አልገባኝም' ብሎ ይጻፍልኝ፣ ክፍል ውስጥ እኔ አየዋለሁ።

የቤት ሥራ አንድ ነው፣ ቫት ያለበት ደረሰኝ ይዞ መምጣትና ሂሳቡን ማረጋገጥ። ዓርብ እሰበስባለሁ። ደረሰኝ ያላገኘ እኔ ጋ ይምጣ፣ አለኝ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከወሰደበት ይተወውና ይተኛ።

ቴስት የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው፣ እስከ ፐርሰንት ብቻ።

ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር፣ እስከ ማታ 2 ሰዓት እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ የራሴን ልጅ የቤት ሥራ ነው የማየው።"

ይሄንኑ በቮይስ እልካለሁ። ለማይደርሳቸው ልጆቹ ገልብጠው ይወስዳሉ። ለሁለት ቤት ደግሞ ዛሬ ደውዬ ጥሩ ነገር ነገርኳቸው። አንዱ አባት "ቁጥር ተሳስተሽ ነው መሰለኝ እህቴ" ብሎ ዘጋብኝ፣ መልሼ ደወልኩ።


ታላቅ እህት፦

አሁን ሰው ጻፈው። "አለበት" ብቻ አትበይ ግን፣ ሴቶቹስ? "ልጆቻችሁ መቻል አለባቸው" በይው፣ ይሻላል።


የፒያሳዋ እናት፦

ይቺን ነው የፈለግኩት። ልጄ አንቺ ጋ ባይሆንም የ240ዋን ጥያቄ ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።

የሰኞውን ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ላኪው ብቻ። ያን ሰዓት ሱቅ ቀዝቀዝ ይላል። 12 ሰዓት ካለፈ እኔ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ አንድ እጄ ቦርሳዬን ይዟል፣ በሌላው ስልክ አላወጣም።


ከገላን ጉራ፦

እኔ ደግሞ ሰልፉ ላይ ነው የማነበው፣ ጊዜ ያለኝ እዚያ ነው። ሰዓቱ ይስማማናል። ቲቸር፣ የቆመች ልጅ የጻፈችውን ጽሑፍ ነገር ለሌሎቹም አስተማሪዎች ንገሪልኝ።